አቀስታ የተቀመጠው ዲስክ

በመካነ ሰላም ከእኔ በፊት ኮምፒውተርን ከነአንጀቱ ያወቀ ሰው አልነበረም። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው አሉ፤ ቅር ይበላቸው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ማንበብና መደመር እስክለይ ብቻ ነው። ሬዲዮ ጥገናን የተማርኩት የራሴን ሬዲዮ ፈትቼ መልሶ መግጠም ቢያቅተኝ በንዴት ነው። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ለቀምኩ። ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቼ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እኔ የመመሪያ ገጾችን ከደሴ በፍላሽ እያስመጣሁ አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። አስተማሪ አልነበረኝም። ስሳሳት ማሽኑ ራሱ ይነግረኛል፤ እኔም እሰማዋለሁ።

ሱቄ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ነበር። ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ድምፅ እቀዳለሁ። ሸሁ ወደ እኔ የመጡት ለዚህ ለመጨረሻው ነው።

ሸሁ በእኛ ወረዳ በቦረና ብዙ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ ማለት ነው፣ ያፈሩ የኪታብ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የዐረብኛውን መስመር የምታነብላቸው አንዲት ልጃቸው ነበረች። እሷ ታነባለች፣ እሳቸው በአማርኛ ይፈቱላታል። አንድ ትልቅ ኪታብ እንዲህ ጀምረው ብዙውን ከሄዱበት በኋላ ልጅቱ አገባችና ወደ አቀስታ ሄደች። ኪታቡ ሳያልቅ ቀረ።

ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል፤ መጽሐፉን ገዝታ ራሷ አትጨርሰውም ወይ ይላል። በእነሱ ወግ እንደዚያ አይደለም። ኪታብ የሚቀራው ከመምህር አፍ ነው። መምህሩ እያንዳንዱን መስመር ፈትቶልህ፣ መጨረሻው ላይ ዱዓ ሲያደርግልህ ነው ኸተምኩ፣ ፈጸምኩ የምትለው። ልጅቱ አቀስታ ሆና ሴቶችን ታስተምር ነበር፤ ያንን ኪታብ ግን ከአባቷ ስላልጨረሰችው ለማንም አልከፈተችውም። ሴቶቹ እየጠየቋት፣ እሷ እየጠበቀች ዓመታት አለፉ።

ሸሁ አንድ ቀን በትራቸውን እያንኳኩ ሱቄ ገቡ።

«ድምፅ ያስራል የሚሉህ ሰውዬ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ሸኽዬ። እኔ ያሰርኩት አይፈታም።»

«ጉረኛ ነው ብለውኝ ነበር፤ አልዋሹም። በል እንግዲህ ስማኝ። እኔ ወደ አቀስታ የምሄድበት ጉልበት የለኝም፤ እሷም ልጆች ይዛለች። የቀረውን ኪታብ ላንተ ማሽን ልንገረውና ለልጄ አድርስልኝ።»

«ይሄማ ቀላል ነው።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እኔ ሰው ነኝ። ዛሬ የፈታሁትን ነገ ተሳስቼ ነበር ልል እችላለሁ። ተመልሼ ሳርም የመጀመሪያው እንዳይጠፋ። ሸሁ መጀመሪያ እንዲህ አሉ፣ ኋላ ከቃላቸው ተመለሱ ተብሎ ሁለቱም ይታወቅ። ይሄስ ቀላል ነው?»

ሌላ ድምፅ ቀጂ ቢሆን ኖሮ አዎ ብሎ ይሸኛቸውና በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጭን ነበር። እኔ ግን የጠየቁት ነገር ምን እንደሚባል አውቅ ነበር። ጊት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሥራው የፋይልን ታሪክ መያዝ ነው። ያረምከውንም ያላረምከውንም ይይዛል፤ የፈለግኸውን ቀን መልስልኝ ብትለው ይመልሳል። ለጽሑፍ የተሠራ ስለሆነ ድምፅና ቪዲዮ ሲጫንበት ይንገዳገዳል። ለዚያ ደግሞ ለትልልቅ ፋይሎች የሚሆን ተቀጥላ አለው። ተቀጥላው ስሙንና ታሪኩን በአንድ በኩል፣ ድምፁን ራሱን በሌላ በኩል ያኖራል። ድምፁን የሚያኖረው እኔ ባወጣሁለት ስም አይደለም። ከድምፁ ከራሱ አስልቶ ረጅም የፊደልና የቁጥር ስም ያወጣለታል። ይህ ስም እንደ ጣት አሻራ ነው። ከድምፁ አንዲት ቅንጣት ብትነካ አሻራው ሌላ ይሆናል።

ሥራውን የምሠራው ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ለመጠባበቂያ ግን በአንድ የውጭ ዲስክ ላይ «ራቁት» የሚባለውን ዓይነት ማከማቻ አበጀሁ። ራቁት ማከማቻ ውስጥ ማንም አይሠራም። ስሙን የምታውቀው ፋይል አታይበትም። ያለው ታሪኩና እነዚያ ረጃጅም አሻራዎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ድምፅ አንዴ ብቻ ስለሚቀመጥ ቦታ አይፈጅም፤ ማንም ደግሞ ልስማ ብሎ ከፍቶ በስህተት አያበላሸውም። ማዳመጥ ስትፈልግ ፕሮግራሙ ካለበት ኮምፒውተር ጋር ታገናኘዋለህ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ድምፅ ስሙን ይዞ ይመጣል። ከወግዲ እስከ ማሻ ይህን በዚያ ዘመን የሚያውቅ ሌላ ሰው ከነበረ ይምጣና ፊቴ ይናገር።

እንዲህ አድርገን ሠራን። ሸሁ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ መስመሩን በቃላቸው ይወጡታል፣ ይፈቱታል። አንዳንዴ ያለፈውን አርመው ይሄዳሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን እሳቸው ሲጀምሩ ቢስሚላህ ሲሉ እኔም ማሽኑን በስመ አብ ብዬ እከፍት ነበር። ያለቀውን ክፍል በሚሞሪ እየሞላሁ በመንገደኛ ለልጅቱ እልካለሁ፤ ዋናው ሁሉ ከእኔ ጋር ነው። በመጨረሻው ክረምት ሸሁ ታመሙ። ያኔ መቅጃዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። የቀሩትን ትምህርቶች ተኝተው ተናገሩ፤ ኪታቡ አለቀ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ልጅቱ ለቀብር መጣች። ስትመለስ የመጠባበቂያውን ዲስክ ሰጠኋት። የመጨረሻዎቹ ትምህርቶች ገና በሚሞሪ አልተሞሉም ነበር፤ ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር ላስተካክለው ፈልጌ ነበር።

«ይሄ የአባትሽ ጠቅላላ ነው» አልኳት። «እንዳትከፍቺው። ዝናቡ ሲያባራ ራሴ መጥቼ በወጉ አስቀምጥልሻለሁ።»

«ቢከፈት ምን ይሆናል ጋሼ?»

«ምንም አይታይሽም። የእኔ ፈንታ ነው፤ አብሽሪ።»

ከዚያ በኋላ መብራት ጠፋ። በእኛ አገር የሚያጠፋው የመብራቱ መጥፋት አይደለም፤ አመላለሱ ነው። ሲመለስ በኃይል መጣና የሱቄን ኮምፒውተር አቃጠለው፤ ድምፁ ሁሉ ያለበት የውስጥ ዲስኩ አብሮ ነደደ። ጎረቤቶቼ መጥተው እግዚኦ አሉ። እኔ አልደነገጥኩም። ስሙና ታሪኩ ቀላል ስለሆነ በላፕቶፔም ላይ አለ፤ ድምፁ ደግሞ አቀስታ ተቀምጧል። ለዚህ ቀን ነዋ ያበጀሁት! እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሠራሁት ነገር ትክክል መሆኑን ሰው ሁሉ ሊያይ ነው። ለልጅቱ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ» አለች ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ። «አትክፈቺው ብለውኝ ነበር፤ አልቻልኩም። የአባቴን ድምፅ ልስማ ብዬ ሚሞሪ የሚሞላው ሰውዬ ጋ ወሰድኩት።»

«ምን አየሽ?»

«አባቴ የለም። ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ሰውየው ቫይረስ በልቶታል አለኝ። ዲስኩ እሱ ጋ ነው፤ ነገ ጠዋት ያጸዳልኛል።»

«እንዳይነካው! ስሚኝ፣ ሄደሽ ዲስኩን…»

መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል ኔትወርክ የለም። በዚያ ዓመት ኢንተርኔቱን መንግሥት ዘግቶት ነበር፤ ስልኩ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር በራሱ ፈቃድ ይሄዳል።

የዚያን ዘመን ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ቫይረስ ያልያዘው ፍላሽ አልነበረም። ፎቶህን አስገብተህ ስትከፍተው ፎልደሩ ጠፍቶ በቦታው የተዘበራረቀ ስም ታገኛለህ። መድኃኒቱን ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቀዋል፤ ፎርማት ማድረግ ነው። ስሙ የማይነበብ ፋይል ያየ ሁሉ ሳያመነታ ያጸዳል። እኔ ራሴ ለስንቱ አጽድቻለሁ። የአቀስታው ሰውዬ ሊያደርገው ያሰበው ነገር ማናችንም ብንሆን የምናደርገው ነበር፤ በዚህ ዲስክ ላይ የማላደርገው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።

ሲነጋ መናኸሪያ ወርጄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኩት። የደረሰኝ የኋለኛው ወንበር ነው፤ በአንድ በኩል የማይከፈት መስኮት፣ በሌላው በኩል ቅቤ ወደ አቀስታ ገበያ የምትወስድ ጎልማሳ ሴት። ቅቤው በቅል ነው፤ ቅሉ ጭኔ ላይ ነው። ጉልበቴ የፊቱን ወንበር ነክቷል። ወደ ደጋው ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ በዳበሳ ይነዳል። አንድ ዳገት ላይ ስንደርስ ቆመ። ከፊታችን ገብስ የጫነ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ጭቃው ውስጥ ተንሸራቶ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። በአንዱ በኩል ገደል፣ በሌላው ቦይ።

«ይወጣል?» አልኩት ሾፌሩን።

«ይወጣል አባባ። መቼ እንደሚወጣ ነው የማላውቀው።»

ወርጄ በእግሬ ልሂድ ብዬ ሞከርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ጎንበስ ብዬ ሳወጣው በረዶ መውረድ ጀመረ። ላፕቶፑን ሆዴ ውስጥ ሸጉጬ ተመለስኩ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ቅሉ ተመልሶ ጭኔ ላይ መጣ። መስኮቶቹ በትንፋሽ ላብ ተሸፍነው ውጭው አይታይም። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። መለስኩት። አወጣሁ። መለስኩት። በዚያች ደቂቃ አቀስታ ላይ አንድ ሰው ሱቁን ከፍቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ዲስኩን እየሰካ እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን፣ ማሽኑ «ሁሉም ይጠፋል፣ ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቀው አዎ እንደሚለው አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ቅቤ ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው ምጥ እንደያዛት የሚቁነጠነጡት?» አለችኝ ባለቅቤዋ። «ቅሌን ሊሰብሩብኝ ነው።»

«አቀስታ ላይ የአንድ የሞቱ ሸህን ድምፅ ሊያጠፉ ነው። ቶሎ ካልደረስኩ ያልቃል።»

«የሞተ ሰው ድምፅ ደግሞ ምን ይጠፋል?»

«ቀድቼው ነበር። ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ ግን አይታይም። የማያውቅ ሰው ሲያየው ቆሻሻ ይመስለዋል።»

«ካልታየ እንዴት አለ ይላሉ?»

እንደ ሕፃን ላስረዳት ግድ ሆነ። «አባትሽ እህል በጉድጓድ ይቀብር ነበር?»

«ይቀብር ነበር።»

«ላዩን ሲያዩት ምን ይመስላል?»

«መሬት ነዋ።»

«እንደዚያ ነው። ጎተራ ቢሆን ማንም ያየዋል፤ ይሄ ግን ጉድጓድ ነው። ከላይ አፈር ነው፣ ከታች እህሉ ሙሉ ነው። አሁን አንዱ አፈር ነው ብሎ ውሃ ሊለቅበት ነው።»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ምልክት አላደረጉበትም? አባቴ እንኳ ድንጋይ ያኖርበት ነበር፤ ለእናቴም ያሳያት ነበር።»

ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና፣ «እኒህ ሰውዬ አይደሉ እንዴ ካለእኔ ኮምፒውተር የሚያውቅ የለም የሚሉት? ባለ ፎቶ ቤቱ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «አሁንም የለም።»

«እንግዲያ አባባ፣ ይሄን ኤፍ ኤስ አር በኮምፒውተር ያንሱልን!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልተቆጣሁምም። የሚወጡበት በር ያጡ ሰዎች ባገኙት ይስቃሉ። ባለቅቤዋ ብቻ ሳትስቅ ቅሉን ከጭኔ አንስታ እግሯ ሥር አደረገችው።

ገበሬዎች መጥተው ድንጋይ እያነጠፉ፣ የጎማውን ሥር እየቆፈሩ፣ መኪናውን ወደ ቦዩ ገፍተው ማለፊያ እስኪሰጡን ድረስ ቀኑ ተጋመሰ። አቀስታ ስንገባ ጉሙ እዚያም ቀድሞን ደርሶ ነበር። ሱቁን ጠይቄ አገኘሁት። ሰውየው ጎልማሳ ነው፤ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በር ላይ ቆሟል።

«ከመካነ ሰላም የመጣሁ ነኝ» አልኩት። «የሸሁ ልጅ የሰጠችህ ዲስክ የታለ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ? መርሐባ፣ ይግቡ እንጂ! ጨርሼዋለሁ። ሙልጭ አድርጌ ነው ያጸዳሁት። እንዲህ ያለ ቫይረስ አይቼ አላውቅም፣ ወላሂ፤ ፎልደሩ ሁሉ ሁለት ፊደል፣ ሁለት ፊደል…»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑን ከፌስታሉ አወጣሁ።

«ባዶውን አልመለስኩትም ደግሞ» አለ፣ ፊቴን አይቶ ሊያጽናናኝ መሰለኝ። «ሐዘንተኛ ናት። መንዙማ ሞላሁላት። ጥሩ ጥሩውን መርጬ።»

ይህ ነው የገደለን። በእኛ አገር ጎረቤት በሰሃን ምግብ ቢልክልህ ሰሃኑን ባዶውን አትመልስም፤ ሌላ ቢጠፋ ቆሎ ጣል ታደርግበታለህ። ሰውየውም ዲስኩን እንደ ሰሃን ቆጠረው። ፎርማት ብቻ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ፎርማት የሚፍቀው ማውጫውን ነው፣ ድምፁ በቦታው ይተኛል። አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው የድሮው የሚሞተው። ከማጽዳቱ ይልቅ ደግነቱ ጎዳን። በሰው ደግነት ላይ ደግሞ መጮህ አይቻልም።

ሞክሬ ግን ጮህኩ። «ከእንግዲህ አንዲት ነገር እንዳትጨምርበት! እጅህን ሰብስብ!»

«እኔ ምን ላውቅ ጋሼ? ምልክት የለው፣ ስም የለው።»

ይህን ነገር በአንድ ቀን ሁለት ሰው አለኝ።

ልጅቱ መምጣቴን ሰምታ መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ሰላምታ ሰጥታኝ፣ የነገርኳትን ሁሉ ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም፤ «አባቴ አለ?» ብቻ አለች።

«እናየዋለን።»

ቀጥሎ የሠራሁትን ሥራ ከእኔ በቀር በዚያ አገር ማንም አይሠራውም ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። የጠፋ ፋይል የሚለቅም ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ነበረኝ። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያሰሰ ድምፅ የሚመስለውን ሁሉ ያወጣል። ሲያወጣው ግን ስም የለውም፤ የትኛው የትኛው ትምህርት እንደሆነ፣ የትኛው የመጀመሪያው የትኛው የታረመው እንደሆነ አይታወቅም። ሌላ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል። የእኔ አሠራር ግን ለዚህ ነበር የተበጀው። አሻራው ከድምፁ ከራሱ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ስሙ የጠፋበትን ድምፅ መልሼ ሳሰላው የራሱን አሻራ ይሰጠኛል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ አሻራውን ያውቀዋል። አንድ በአንድ እየገቡ ቦታቸውን ያዙ።

ሥራው ግን ፈጣን አልነበረም። መብራቱ ይሄዳል፤ ስንጠብቅ እንውላለን። ላፕቶፑ ባትሪው ደካማ ነው። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ሦስታችን ከተቀመጥን አራተኛ ሰው በር ላይ ይቆማል። የአቀስታ ብርድ ከወለሉ ይነሳል። ወደ መካነ ሰላም የሚመለስ መኪና ካለ ብዬ ብጠይቅ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል አሉኝ፤ ባይዘጋም የትም አልሄድም ነበር። እዚያች ሱቅ ውስጥ ዘፈን ሊያስሞሉ የሚመጡ ሰዎች እያዩኝ፣ ባለሱቁ እያባረራቸው፣ ቀኑ መሽቶ ነጋ፣ ደግሞ መሸ። ሰውየው ሥራውን ትቶ ሻይ ያመላልስልኝ ጀመር። ልጅቱ ልጆቿን ለጎረቤት እየተወች ትመጣለች፤ በሩ ላይ ሆና «አለ?» ትላለች። «አለ» እላታለሁ፤ ገብታ ትቀመጣለች።

አንድ ጊዜ የአባቷን ድምፅ አሰማኋት። ሸሁ ስለ አንድ መስመር የተናገሩትን አርመው «ያን ቀን ያልኩትን ተዉት» ሲሉ ሳቀች።

«ቤትም እንዲህ ነበር» አለች። «ወጡ ጨው በዛው ይላሉ፣ ቆይተው ተሳስቻለሁ ይላሉ።»

ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመለሰ። በመንዙማው የተበሉት የድሮ ትምህርቶች ቀድሞ በሚሞሪ የላክሁላት ነበሩ፤ ስለዚህ ከእሷ ዘንድ ተገኙ። የቀረው የመጨረሻው ትምህርት ብቻ ነበር። ለሱ የታረመ ሁለተኛ የለውም፤ ሸሁ ሊያርሙት አልተመለሱም። በሚሞሪም አልተላከም።

ፕሮግራሙ አንድ ድምፅ አወጣ። አሰላሁት። አሻራው አልገጠመም። ደገምኩ፤ አልገጠመም። ማሽኑ እኔ የማውቀው ይህ አይደለም አለኝ። እኔም ከፍተን እናዳምጠው አልኩ።

የሸሁ ድምፅ ነው። ደካማ ነው፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ልጅቱ ኪታቡን ከሻርፗ ውስጥ አውጥታ ገለጠች፤ እሳቸው መስመሩን ሲሉ በጣቷ ትከተላለች። ገጹ አለቀ፣ ገለጠች። የመጨረሻው ገጽ ነው። ሸሁ አንዱን መስመር ፈቱ፣ ቀጣዩን ፈቱ። ኪታቡ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ድምፃቸው በቃል መሐል ተቆረጠና ድቤ መታ። በጅራቱ ላይ የተጻፈበት መንዙማ ነው። ጭብጨባውና ድቤው ሱቁን ሞላው። ባለሱቁ ዘሎ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፤ እኔ ቀደምኩት።

 ልጅቱ ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ሰውየው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ጋሼ» አለች፣ «ይሄ ሲቀዳ እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«እኔና አባትሽ ብቻ።»

«እንግዲያ እዚህ ላይ ምን አሉ?»

ሚኒባሱ ውስጥ ተይዣለሁ ብዬ ነበር፤ መያዝ ግን በዚህ ጥያቄ ነው የጀመረው። ይህ ሲቀዳ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጫለሁ። እንደ እኔ ቀርቦ የሰማቸው የለም። ግን የማዳምጠው ድምፁን እንጂ ቃሉን አልነበረም። የድምፅ መለኪያው መርፌ ከልኩ እንዳይዘል፣ የጎረቤት ውሻ እንዳይገባ፣ ማይኩ ከጋቢያቸው ጋር እንዳይፋተግ ነው የምጠብቀው። ቃሉ በእኔ በኩል አለፈ እንጂ እኔ ዘንድ አልቆመም።

መልስ መስጠት ግን እችል ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ «ማለት የፈለገው» ብለው እንዴት እንደሚጀምሩ፣ የት ላይ እንደሚያርፉ አውቃለሁ። ሁለቱን መስመር አንብባልኝ የሸሁን አነጋገር የሚመስል ነገር ባወጣላት ትቀበለኛለች። ለሴቶቹ ታስተምረዋለች፤ ሸሁ እንዲህ አሉ እየተባለ የእኔ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። የተጠየቅሁትን አላውቅም ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሁለቱም እያዩኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«ያን ቀን ዝናብ ጣለ» አልኳት። «ቆርቆሮው ሲጮህ ድምፁን ዝቅ አደረግሁ። አባትሽ ሳሉ። ውሃ ለመኑኝ፤ ሰጠኋቸው። ከዚያ ሁለቱን መስመር ፈቱ። ምን ብለው እንደሆነ አልያዝኩትም። ሲጨርሱ እጃቸውን አንስተው ዱዓ አደረጉልሽ፤ ስምሽን ጠሩ።»

«ስሜን ጠሩ?»

«ጠሩ። ይሄን አልረሳም።»

 ከዚያ ሁለቱን መስመር በዐረብኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ አባቷ ፊት እንደምታነበው ዓይነት ነበር፣ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ቆም እያለች። የሚፈታላት ሰው አልነበረም። ኪታቡን ዘጋች፣ እጇን አነሳች፣ እኔም ባለሱቁም አሚን አልን።

«ሌላውን ሁሉ ከእሳቸው ሰምቻለሁ» አለች ስትነሳ። «ለሴቶቹ እከፍትላቸዋለሁ። እዚህ ስደርስ ከአባቴ አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ። ግን ጋሼ፣ ትዝ ካለዎት ይደውሉልኝ። ግማሹም ቢሆን።»

«እደውልልሻለሁ።»

መንገዱ ሲከፈት ተመለስኩ። ኪታቡን ከፍታላቸው እያስተማረች እንደሆነ የአቀስታ ሰዎች ነግረውኛል፤ ከእኔ ሥራ የተነሳ ነው፣ ይህንን ማንም አይነጥቀኝም። መጠባበቂያዬን አሁንም በራቁት ማከማቻ ነው የምይዘው፤ አሠራሩ ትክክል ነው። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ምንም ሳልከፍት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደርግና ያን ቀን ልሰማው እሞክራለሁ። ዝናቡ ይመጣል። ሳሉ ይመጣል። ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ሲነካካ እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ገና አልሰማሁትም። ልጅቱ ትጠብቃለች፤ እደውላለሁ ብያለሁ፤ እኔ ደግሞ ያልኩትን የማደርግ ሰው ነኝ።